«ምንም የለበትም» የተባለው ፍትፍት

የልጅ ልጄ ፌቨን አበባ የማይስማማት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እያመንኩ ክረምትም በጋም አልፎብኛል። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ካለው አፓርትመንታችን በረንዳ ላይ ልጄ አስቴር ያስቀመጠቻቸውን አበቦች ከነሸክላቸው ለጎረቤት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን የባንግላዴሽ ሰው ነው፤ አመሰገነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም መድረኩ አጠገብ አበባ ተቀምጦ ካየሁ ፌቨንን ይዤ የኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

«አባባ፣ ለምን ሁልጊዜ ከኋላ?» ትለኛለች።

«እዚህ አየሩ ይሻላል» እላታለሁ። ልጅን በሕመሟ ማሳቀቅ አልወድም።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። ፌቨን ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ኦቾሎኒ የሚባል ነገር በበሩ አያስገባም፤ የሚጎዳቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ወላጆች በኦቾሎኒ ቅቤ ፈንታ ከሌላ ነገር የተሠራ ቅቤ ዳቦው ላይ ይቀባሉ። ጓደኛዋ ያንን ዳቦ ገምሳ አካፈለቻት፤ ፌቨን ከንፈሯ አብጦ፣ ዓይኗ ጠብቦ መጣች። ሌሎቹ ልጆች እንዳይጎዱ ተብሎ የተቀየረው ነገር የኛን ልጅ ጎዳት። ሐኪም መረመራትና አስቴር ውጤቱን ነገረችኝ።

«አባባ፣ ሳንፍላወር ነው አሉ። ብዙ ሰው ላይ አይገኝም። እሷ ላይ ግን ከባድ ነው፤ ትንፋሿን ሊዘጋው ይችላል።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ናዝሬት ላይ ጎሚስታ ነበርኩ፤ የመኪና ጎማ እየለጠፍኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ቢሆንም «ፍላወር» አበባ፣ «ሳን» ደግሞ ፀሐይ መሆኑን አውቃለሁ። የፀሐይ አበባ። ፀሐይ ሲወጣ የሚፈካውን ሁሉ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ከአበባ ቅቤ እንዴት ይወጣል ብዬ አልጠየቅኩም። እዚህ አገር ከአጃ ወተት የሚያልቡ ሰዎች ናቸው፤ ከአበባ ቅቤ ቢያወጡ ምን ይገርማል?

አስቴር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜና እሑድ ሺፍት አላት። ባሏ የጭነት መኪና እየነዳ ወደ ዊኒፔግ ይመላለሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌቨንን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፌቨንን ብትጠይቋት ደግሞ እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ፣ በረዶው በግራና በቀኝ ተቆልሎ ባለበት ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ወርቅነሽ ስካርቦሮ ውስጥ ቤት ገዝታ ለምስጋና ጠራችን። ፌቨን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል። አስቴር ከሥራ ቦታዋ ደወለች።

«አባባ፣ ፔኗን ይዛለች?»

«ይዛለች።»

«አይተሃል?»

«ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ።»

ፔን የምንለው ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ነው፤ ውስጡ መርፌና መድኃኒት አለው። ትንፋሿ ከጠበበ ጭኗ ላይ ይወጋል። እኔ ነክቼው አላውቅም ነበር።

ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ አውቶቡስ ያዝን። ጉዞው ረጅም ነው። ፌቨን ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነገር አወጣችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ እነሱ ብዪ ብዪ ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ሊሉሽ ነው? ተነሺ ሂጂ?»

«ኖ፣ መጀመሪያ መጠየቅ አለብኝ። ማሚ ሁልጊዜ ትጠይቅልኛለች። ዛሬ እሷ የለችም። ውስጡ ያለውን ነገር… እንዴት ነው የምጠይቀው?»

«አንቺ እንዴት ትያለሽ?»

ጣቷን እያጠፈች አሰበች። «ምን… አለ… በ… እሱ። ምን አለበት?»

«ልክ ነሽ!» አልኳት። «ምን አለበት። አንድም ስህተት የለውም።»

እዚህ ተወልዳ እንዲህ ስትናገር ኮራሁ። ከፊታችን የተቀመጡት ቻይናዊት አሮጊት ቢሰሙልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እስክንደርስ ድረስ ለራሷ ስትለማመድ ሰማኋት፤ «ምን አለበት፣ ምን አለበት።»

ቤቱ ሞቅ ብሏል። ጫማችንን በር ላይ አወለቅን። የወርቅነሽ ባል፣ ወንድም ታደሰ፣ ካፖርታችንንና የፌቨንን ቦርሳ ተቀበለንና ፎቅ ላይ ወዳለው መኝታ ቤት ይዞ ወጣ። የሁሉም እንግዳ ካፖርት እዚያ አልጋ ላይ ነው የሚከመረው። ይህን ጊዜ አንድ ነገር ልል ይገባኝ ነበር፤ ግን ሰው ካፖርትህን ሲቀበልህ ምስጋና እንጂ ሌላ ነገር ትዝ አይልህም።

ጸሎቱ ረዘመ። ቤት ለገዛ ሰው ጸሎት አጭር አይሆንም፤ ጣሪያውም፣ መሠረቱም፣ የባንክ ዕዳውም ይጸለይለታል። ከአሜን በኋላ እህት ወርቅነሽ የገበታውን መክደኛ ስታነሳ ከጎመኑና ከምስሩ መሐል አንድ ነጭ ፍትፍት አየሁ። ልቤ ዘለለ። ሱፍ ፍትፍት! እኛ ጴንጤዎች ባንጾምም የጾም ምግብ እንወዳለን። ሱፍ ማለት ፍሬው ተፈጭቶ፣ ታልቦ እንደ ወተት ከነጣ በኋላ እንጀራ የሚፈተፈትበት ነው። ናዝሬት ከለቀቅሁ ወዲህ ቀምሼው አላውቅም። ለራሴ ደህና አድርጌ አነሳሁ።

ፌቨን ነጩን ፍትፍት እያየች እህት ወርቅነሽን ጠየቀቻት። ቀጥ ብላ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ምን አለበት?»

እህት ወርቅነሽ ፊቷ በራ። «ምንም የለበትም የኔ ቆንጆ! ብዪ!»

አሁን እዚህ ላይ ቆም ልበልና ላስረዳችሁ። ልጅቷ የጠየቀችው ውስጡ ምን እንዳለ ነው። ወርቅነሽ የሰማችው ግን ሌላ ነው። «ምን አለበት» ስንል ብዙ ጊዜ «ብበላስ ምን ችግር አለ» ማለታችን አይደል? አፍራ የቆየች ልጅ በመጨረሻ «እሺ፣ ልብላ እንጂ፣ ምን አለበት» ያለች መሰላት። መልሷም «ምን ችግር አለው፣ ብዪ» ነው። ፌቨን ደግሞ ቃል በቃል ሰማችው፤ ውስጡ ምንም የለም። ሁለቱም አልዋሹም። መሐላቸው የቆምኩት እኔ ሁለቱም ምን ማለታቸው እንደሆነ የማውቅ ብቸኛ ሰው ነበርኩ፤ አፌ ሞልቶ ነበር።

«ተመልከቱ እስቲ፣ እዚህ ተወልዳ አማርኛዋ!» አለች ወርቅነሽ። ከፍትፍቱ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ፌቨን ዋጠች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ደገመቻት። አስተዳደጓ ጥሩ ነው፤ ተቀበለች።

ብዙም አልቆየ። ፌቨን እጄን ነካችኝ።

«አባባ፣ አፌን በላኝ።»

«ምን በላሽ?» አለች አጠገባችን የተቀመጠች ሴት።

«ፍትፍት ነው የበላችው» አልኩኝ።

«እሱንማ አየሁ፤ ምን አሳከካት ማለቴ ነው።»

«ቃሪያው ይሆናል» አለ ወንድም ታደሰ። «ውሃ ስጧት።»

«ቃሪያ አይደለም» አለች ፌቨን። አንገቷን ማከክ ጀመረች። አንገቷ ላይ ቀይ ቀይ ነገር ወጥቷል። አንዷ ብርድ መቷት ወደ ሙቀት ስለገባች ነው አለች። አንዱ ሰው በዝቶባት ነው፣ መስኮት ክፈቱላት አለ። ወንድም በቀለ የሚባለው ደግሞ ብዙም አልጠየቀም፤ ተነሥቶ እጁን አናቷ ላይ ጫነና በታላቅ ድምፅ መጸለይ ጀመረ። የሚገሥጸው ምን እንደሆነ ባይነግረንም አጥብቆ ይገሥጻል። ሌሎቹም ተቀበሉት።

በዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

ጎማ ለጣፊ የሆነ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም። ሚስማር የወጋው ጎማ፣ ሚስማሩ ገና ሳይነቀል፣ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከጎማ ሳይሆን ከፌቨን ጉሮሮ ነው የሚመጣው። ስትስብም ስታወጣም ያፏጫል።

«ዝም በሉ!» አልኩ።

እኔ ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም። ሁሉም ዝም አለ። ወንድም በቀለ እጁን ከአናቷ ላይ አላነሳም፣ ግን ዝም አለ።

«ፔኑ!» አለች ፌቨን። ድምፅዋ ሻክሯል። «ቦርሳዬ!»

«ቦርሳዋ የት ነው?»

«ፎቅ» አለ ወንድም ታደሰ። «አልጋው ላይ።»

እህት ወርቅነሽ ደረጃውን በሩጫ ወጣች፤ እኔ ጉልበቴ እንደፈቀደልኝ ተከተልኳት። መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋ አይታይም። ካፖርት በካፖርት ላይ ተከምሮ ተራራ ሆኗል፤ ሁሉም ጥቁር ነው። ሐበሻ ክረምት ሲመጣ ጥቁር ነው የሚገዛው፤ እድፍ አይታይበትም ብሎ። ቦርሳዎቹም ጥቁር ናቸው።

«ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ ካፖርት እየወረወረች።

«ጥቁር።»

«ጋሽ ደምሴ!»

«ጥቁር ነው፣ ምን ላድርግ!»

አንዱን ቦርሳ ከፈተች፤ መጽሐፍ ቅዱስ። ሌላውን ከፈተች፤ የሕፃን ዳይፐር። ሦስተኛው የራሷ የወርቅነሽ ነበር፤ እሱንም ፈተሸችው። ከታች «ቶሎ በሉ!» ይላሉ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከወደቁት ካፖርቶች ሥር በእጄ ስዳስስ የጀርባ ማንገቻ ያለው ነገር ጨበጥኩ። የፌቨን ነው። ጎኑ ላይ ካለው ኪስ ውስጥ ፔኑን አወጣሁት።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ፌቨንን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠዋታል፤ ጀርባዋን ሶፋው ደግፏታል። ከንፈሯ አብጦ የሌላ ሰው ከንፈር መስሏል። ወንድም ታደሰ ለአምቡላንስ ደውሎ አድራሻውን እየተናገረ ነው። ገና አዲስ ቤት ስለሆነ ቁጥሩ ጠፋበት፤ በር ከፍቶ በካልሲ በረዶ ላይ ወጥቶ አነበበው።

ፔኑን ልሰጣት ዘረጋሁ። ጣቶቿ ሊጨብጡላት አልቻሉም።

«አንተ» አለችኝ። «አንተ አድርገው።»

ፌቨን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው የምትለኝ። እናቷ እንኳ አንተ ትለኛለች፤ ፌቨን ግን ከአማርኛ ሁሉ ይህችን አጥብቃ ይዛታለች። የዚያን ቀን እርስዎ የሚለው ቃል የሚያልፍበት ትንፋሽ አልነበራትም።

«እንዴት ነው?»

«ሰማያዊውን… ንቀለው። ብርቱካናማው… እዚህ።» ጭኗን በጣቷ መታች። «በኃይል። ያዘው።»

«ሱሪሽስ?»

«በሱሪው!»

ሰማያዊውን ክዳን ነቀልኩ። እጄ በሕይወቱ ብዙ ነገር ወግቷል፤ ጎማ ወግቷል፣ ቆዳ ወግቷል። የልጅ ልጅ ግን ወግቶ አያውቅም። ቆምኩ።

«አባባ፣ አትፍራ» አለችኝ።

ወጋኋት። ቀጭ ሲል ሰማሁ። እየቆጠርኩ ያዝኩት። ከኋላዬ አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤ ወንድም በቀለ አሁን በለሆሳስ ይጸልያል። በኋላ ሳስበው የዚያን ጊዜው ጸሎቱ ነው ጸሎት የመሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ፉጨቱ ሰፋ አለ። ጎማ ቢሆን መጥፎ ምልክት ነው፤ ለሷ ግን ቀዳዳው እየሰፋ ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ ፌቨን «እግሬን አመመኝ» ትል ነበር። እንዲህ የሚጣፍጥ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም።

ሆስፒታል አልጋ ላይ አስተኟት፤ አፏና አፍንጫዋ ላይ ጭምብል አደረጉላት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ፌቨን ገና ብዙ እንዳትናገር ስለተባለች፣ ለእኔ በስልክ አስተርጓሚ አስመጡልኝ። ድምፁ የጎረምሳ ነው።

«አባቴ፣ ልጅቷ ምን እንደበላች ይጠይቃሉ።»

«ሱፍ» አልኩት።

«ሱፍ… ልብስ የሚሠራበትን?» አለኝ።

«አይደለም፣ የሚበላውን።»

«የሚበላ ሱፍ አላውቅም አባቴ። እኔ እዚህ ነው ያደግኩት።»

«አንተ ባታውቀውም እንዳልኩህ ንገራት።»

ነገራት። ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ፌቨንን አየቻት፤ ከዚያ ደግሞ እኔ የለበስኩትን ሹራብ አየች።

«ምን ያህል በላች ትላለች» አለኝ ልጁ።

«ሁለት ጉርሻ።»

«ጉርሻን እንዴት ብዬ ልበላት?»

«ሰው በእጁ አጎረሳት በላት።»

ተረጎመው። ሐኪሟ በጣም በትሕትና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ይህን ያደረገው ሰው አሁን የት እንዳለ ትጠይቃለች» አለኝ አስተርጓሚው።

ፌቨን ጭምብሉን ገለጥ አደረገች። «አባባ፣ ሹራብ ነው እንዴ የበላሁት?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ነርሷ መጥታ ጭምብሉን መለሰችው፤ እኔንም ገላመጠችኝ።

እንዲህ አይሆንም ብዬ ለእህት ወርቅነሽ ደወልኩ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረግሁት።

«ጋሽ ደምሴ! ተረፈች? እባክዎ ተረፈች ይበሉኝ!»

«ትተነፍሳለች። ወርቅነሽ፣ ሱፉ ምን ዓይነት ሱፍ ነው?»

«ያው ሱፍ ነዋ! የአገር ቤቱ እዚህ አልተገኘልኝም፤ የፈረንጁን ገዝቼ ነው የፈጨሁት። የአበባውን።»

«የምን አበባ?»

«የሱፍ አበባ ነዋ! ቆይ ከረጢቱ አለ።» ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። «ሳንፍላወር ሲድስ ይላል።»

ፌቨን ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሟ ስልኬን በጣቷ እያሳየች «ሳንፍላወር!» አለች። አስተርጓሚው «አሃ!» አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። እኔም ገባኝ። ስንት ጊዜ ከአበባ ሳሸሻት የኖርኩት ልጅ የተጎዳችው በፍሬው ነው፤ ፍሬውን ደግሞ ከሐኪሞቹ ሁሉ በፊት በስሙ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በአማርኛ።

አስቴር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደረሰች። ልጇን አቀፈች፤ ደረቷ ላይ ጆሮዋን አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«አባባ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ሱፍን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ እማዬ ስታጠጣኝ ትዝ ይለኛል። ሳንፍላወርንም አውቀዋለሁ። አንድ ነገር መሆናቸውን ግን አስቤው አላውቅም። አንዱን እዚያ ነው የተማርኩት፣ ሌላውን እዚህ። ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።»

አስቴር ወደዚህ አገር የመጣችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአክስቷ ጋር። የላክኋት እኔ ነኝ።

ወደ ቤት እንሂድ ስንል ሐኪሟ አይሆንም አለች። መድኃኒቱ ሲያልፍ ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና ትታይ አለች። ይህስ ገባኝ። ጎማ ከለጠፍክ በኋላ ወዲያው ለባለቤቱ አትሰጥም፤ ውሃ ውስጥ ነክረህ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ታያለህ። እኔም ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠግቼ አዳመጥኩ። አስቴር የመሣሪያውን ቁጥር ታያለች፤ እኔ ቁጥሩ አይገባኝምና ጉሮሮዋን እሰማለሁ። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ እየደከመ ሄደ። ፌቨን አንቀላፋች። ሁላችንም አለፈ ስንል ያ ቀጭን ድምፅ ተመለሰ።

«አስቴር።»

«ምን?»

«ያፏጫል።»

ተነሥታ ሮጠች። ሁለተኛ ወጓት፤ ሌላም ሌላም ነገር ሰጧት። መጋረጃውን ስበው እኛን አስወጡን። ከመጋረጃው ውጭ ከአስቴር ጋር ቆምን። ያኔ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ታላቅ ነገር አይደለም። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ይህች ልጅ ጠይቃ ነው የበላችው» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ሳትጠይቅ በልታ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ጠይቃለች፤ የመለስንላት እኛ ነን።

መጋረጃው ሲከፈት ቁጭ ብላ ነበር። ትንፋሿ ድምፅ የለውም። ሐኪሟ የአገር ቤቱም ሱፍ የዚህ ዘመድ ስለሆነ እሱንም እንዳትቀምስ አለች። አስቴር እሺ አለች። እኔም እሺ አልኩ። ፌቨን ግን ሌላ ነገር ተናገረች፤ ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ ነገ ዝናብ አለ እንደሚል ሰው።

«ከእንግዲህ ሐበሻ ቤት አልበላም።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለች እናቷ።

እኔን ግን ይህ ንግግር ከመርፌው ይልቅ ወጋኝ። እኛ ዘንድ አብሮ ያልበላ ሰው መጣ አይባልም። ልጅቷ ወገኖቿን የምታገኘው በገበታ ነው፤ ሌላ ምን አላት? አማርኛዋ እንኳ የከዳት በገበታ ላይ ነው።

በማግሥቱ እህት ወርቅነሽ ልትጠይቅ ቤታችን መጣች። ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ምግብ ሠርታ በድስት ይዛለች። ፌቨን ድስቱን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ወርቅነሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «በእጄ ነው ያጎረስኳት ጋሽ ደምሴ። በዚህች በእጄ።» ድስቱን ሳትከፍተው ይዛው ተመለሰች። በዚያው ሰሞን ፌቨን የቤተ ክርስቲያን ኅብረት ስንሄድ አልቀረችም፤ ግን ሰው ሲበላ እሷ ከቤት የያዘችውን ሳንድዊች ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ሰዎች አይቆጧትም፤ ያዝኑላታል። ማዘናቸው የባሰ ነው።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንግዳ ሆኖ «ወጡ ውስጥ ምን ምን ገባ?» ብሎ መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ባለቤቲቱን መመርመር ይመስላል፤ መርዝ ጠርጥረሃል ይመስላል። እኔ አሁን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ላብ ላብ ይለኝ ነበር። ፌቨንንም «ምን አለበት» የሚለውን አስትቼ «ምን ምን ገባበት?» የሚለውን አስተማርኳት፤ ይህ ሌላ ትርጉም የለውም። ልጅ ሲጠይቃችሁ «ምንም የለበትም» አትበሉ። ምንም የሌለበት ምግብ የለም። የበርበሬው ቅመም፣ የዳቦው ፍሬ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ሁሉም ስም አለው። ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ፈልጉት። ልጃችሁ በአንዱ ታውቀዋለች፣ እናታችሁ በሌላው፤ መሐል ላይ የሚያገናኛቸው ሰው ከሌለ የሚታመመው ልጅ ነው። አበባውን ግን አትንኩት። ጎረቤቴን እንዲመልስልኝ ጠይቄው ነበር፤ ደርቋል አለኝ።

የፋሲካ ሰሞን እህት ወርቅነሽ እንደገና ጠራችን። ፌቨን «እመጣለሁ፣ አልበላም» አለች፤ ሳንድዊቿን ያዘች። ፔኗ ኪሷ ውስጥ ነበር። ገበታው ቀረበ፤ ጸሎቱ አለቀ፤ ሁሉም እጁን ታጠበ። ወርቅነሽ ግን ብሉ አላለችም። ገበታው አጠገብ ቆማ፣ ፈተና እንደሚፈተን ሰው እጇን አጣምራ፣ ለፌቨን መናገር ጀመረች።

«ይኼ ዶሮ ነው። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። በርበሬውን ራሴ ነኝ ያስፈጨሁት፤ ውስጡ ያለውን እነግርሻለሁ።» ነገረቻት። «ይኼ ጎመን ነው። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ዘይት።»

ፌቨን አንገቷን ቀና አደረገች።

«ምን ዘይት?»

ወንድም በቀለ ወደ ጎመኑ የሰደደውን እጁን አየር ላይ አቆመው።

«አላወቅኩም» አለች ወርቅነሽ። «ቆዪኝ፣ ጠርሙሱን ላምጣው።»

ወደ ኩሽና ሄደች። ቁምሳጥን ሲከፈት ሲዘጋ ይሰማል። ዶሮው ይቀዘቅዛል። ያ ሁሉ ሰው፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ የታጠበ እጁን እንደያዘ ጠበቀ፤ አንድም ሰው ገበታው ላይ እጁን አልሰደደም። ፌቨን ይህን አየች። አንድ በአንድ ፊታቸውን ስታይ አየኋት።

ወርቅነሽ ጠርሙሱን አምጥታ በሁለት እጇ ለፌቨን ሰጠቻት። ፌቨን አዙራ ከኋላ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች፤ እስከ መጨረሻው።

«ካኖላ ነው፤ ሳንፍላወር የለበትም» አለች። ሳንድዊቿን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችና ወደ ገበታው ተጠጋች።

ከዚያ በላን።